መመሪያው ሲጻፍ ፋርማሲስቱ የት ነበር?

የለንደን የሐኪሞች ኮሌጅ በ1618 ግንቦት ላይ አንድ መጽሐፍ አሳተመ። (እዚህ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) «የለንደን ፋርማኮፒያ» የተባለው ይህ መጽሐፍ በላቲን የተጻፈ ሲሆን፣ የትኛው መድኃኒት ከምንና ከምን እንደሚቀመም ይዘረዝራል። ንጉሥ ቀዳማዊ ጄምስም በእንግሊዝ ያለ መድኃኒት ቀማሚ ሁሉ በዚሁ መጽሐፍ እንዲመራ አዋጅ አስነገረ። ይሁን እንጂ መጽሐፉ ስሕተት ስለበዛበት ዓመቱ ሳያልቅ፣ በታኅሣሥ፣ በሌላ እትም ተተካ። ኮሌጁ ጥፋቱን በአታሚው ላይ አላከከ፤ ሥራችን ገና ሳያልቅ ነጥቆን አወጣው ሲል ወቀሰው።

ቀማሚዎቹ ያን ጊዜ የራሳቸው ማኅበር ከኖራቸው ገና ወራት ነበር የተቆጠሩት። እስከ 1617 ታኅሣሥ ድረስ ከቅመማ ቅመም ነጋዴዎች ጋር በአንድ ማኅበር ታቅፈው ነበር፤ ለብቻቸው እንዲቆሙ የፈቀደላቸውም ያው ጄምስ ነው። በአንድ እጁ ማኅበር ሰጣቸው፣ በሌላው እጁ ሌሎች የጻፉትን መጽሐፍ እንዲታዘዙ አስገደዳቸው። ወጥ ሠሪዋን ሳይጠይቁ የድግሱን ምግብ እንደ መወሰን ያለ ነገር ነው። ደራሲዎቹ ሐኪሞች፣ ታዛዦቹ ቀማሚዎች የሆኑበት ይህ አደረጃጀት መልኩን እየቀያየረ ለአራት መቶ ዓመታት ዘልቋል። ዛሬ የመከራከሪያው ርእስ የቅመማ መጽሐፍ ሳይሆን የሕክምና መመሪያ ነው፦ ለየትኛው በሽታ የትኛው መድኃኒት፣ በምን መጠን፣ ለስንት ቀን ይሰጥ የሚለው ሰነድ። ጥያቄው ግን አልተለወጠም። ሲጻፍ በክፍሉ ውስጥ ማን ተቀምጦ ነበር?

ሁለቱን ሙያዎች በሕግ ያለያየው ከጄምስ አራት መቶ ዓመት ገደማ ቀድሞ የነገሠው ዳግማዊ ፍሬድሪክ ነው። ደቡብ ኢጣሊያንና ሲሲሊን የገዛው ይህ ንጉሠ ነገሥት በ1231 በሜልፊ ባወጀው ሕግና በኋላ በተጨመሩት ድንጋጌዎች፣ ሐኪም ከመድኃኒት ቀማሚ ጋር የንግድ ሽርክና እንዳይገባ፣ የራሱም መድኃኒት ቤት እንዳይኖረው ከለከለ። ቀማሚው ደግሞ በትክክል ሊቀምም መሐላ ይገባል፤ የሚያስከፍለውም ዋጋ ተተምኗል። ይህን ሕግ ሳነብ የሚገርመኝ ለጥቅም ግጭት የነበረው ንቃት ነው። የሚያዘው ሰው ከሚሸጠው ትርፍ ካገኘ በሽተኛው እንደሚጎዳ በ13ኛው ክፍለ ዘመን ገብቷቸው ነበር። ግን ልዩነቱ ሌላም ነገር ይዞ መጣ። መድኃኒቱን በእጁ የሚያውቀው ሰው ስለ በሽተኛው እንዳይናገር ሆነ፤ በሽተኛውን የሚያየው ደግሞ መድኃኒቱን ከመጽሐፍ ብቻ ማወቅ ጀመረ።

በእኛ አገር ይህ ክፍፍል አልነበረም። ከመጽሐፈ መድኃኒት እያነበበ ሥሩን የሚምሰው፣ የሚደቁሰው፣ ለበሽተኛው የሚያጠጣው፣ ማርከሻውንም የሚያዘጋጀው አንድ ሰው ነበር። ኮሶን እንኳ ብንወስድ፣ መጠኑንና ማርከሻውን ለማወቅ ከቤት ርቆ መሄድ አያስፈልግም። ኮሶ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ለትል መድኃኒትነት ወደ አውሮፓ የመድኃኒት መጻሕፍት ሲገባ፣ መጠኑን የወሰኑት በደረቅ አበባ መልክ በመርከብ የደረሳቸው የፓሪስና የለንደን ሰዎች ናቸው። በየሁለት ወሩ ሲጠጣው የኖረውን ሕዝብ ያማከረው ሰው መኖሩን እጠራጠራለሁ።

ወደ ለንደን ልመለስ። ኒኮላስ ከልፐፐር የሚባል፣ በቀማሚዎች ዘንድ ሙያ ሲማር ያደገ ሰው በ1649 የኮሌጁን ፋርማኮፒያ ወደ እንግሊዝኛ ተርጉሞ አወጣው። ሐኪሞቹ ተቆጡ፤ የተናደዱት መጽሐፉ ብዙ ሰው እጅ በመግባቱ ብቻ ሳይሆን ከልፐፐር በየገጹ የራሱን ትችት ስለጨመረበትም ነው። ከዚያ በ1704 የሮዝ ጉዳይ መጣ። ዊልያም ሮዝ የተባለ ቀማሚ ጆን ሲል የተባለን ሥጋ ሻጭ ያለ ሐኪም ማዘዣ አከመ፤ ሒሳቡ የከበደው ሥጋ ሻጭ ለኮሌጁ አቤት አለ። ኮሌጁ ከሰሰ፤ ፍርድ ቤቱም ለኮሌጁ ፈረደ። የጌቶች ምክር ቤት ግን ፍርዱን ገለበጠው፦ ቀማሚ በሽተኛን መምከርና ማከም ይችላል ተባለ።

ቀማሚዎቹ ድል አደረጉ ሊባል ይችላል፤ እኔ ግን ድሉ መልሶ የበላቸው ይመስለኛል። መናገር የተፈቀደላቸው ቀማሚዎች በመቶ ዓመት ውስጥ ቀስ በቀስ ሐኪም ሆኑ፤ የእንግሊዝ ጠቅላላ ሐኪም የዘር ሐረግ ወደ እነርሱ ይመዘዛል። የተዉትን ቅመማ ኬሚስትና ድራጊስት የሚባሉ አዳዲስ ነጋዴዎች ያዙት። እነዚህም በ1841 በጄከብ ቤል ቀስቃሽነት የራሳቸውን ማኅበር ሲመሠርቱ ክርክሩ ከዜሮ ተጀመረ። መድኃኒት የሚያውቀው ሰው ስለ ሕክምና መናገር የሚችለው ሙያውን ሲለቅ ብቻ ሆነ።

አሜሪካ ውስጥ ታሪኩ በሌላ መንገድ ተመሳሳይ ቦታ ደረሰ። በሊማን ስፓልዲንግ አነሣሽነት በጥር 1820 ዋሽንግተን፣ በሴኔቱ አዳራሽ ተሰብስበው የአሜሪካን ፋርማኮፒያ ያጸደቁት አሥራ አንዱም ሐኪሞች ነበሩ። ይሁንና መጽሐፉ በየአሥር ዓመቱ ሲታደስ፣ ሐኪሞቹ የአቀማመሙን ዝርዝር እንደማያውቁት እያደር ታየ። በክፍለ ዘመኑ አጋማሽ የፋርማሲ ኮሌጆች ተጋበዙ። ከ1880 ጀምሮ ለሃያ ዓመታት ያህል የማሻሻያ ኮሚቴውን የመራው ቻርልስ ራይስ በኒው ዮርክ የቤልቪው ሆስፒታል የመድኃኒት ክፍል ኃላፊ ነበር፤ በትርፍ ጊዜው የሳንስክሪት ሊቅ። ስለዚህ መድኃኒት የሚሠራበትን መጽሐፍ ፋርማሲስቶች ጠቅልለው ወሰዱ። መድኃኒት የሚታዘዝበትን መጽሐፍ ግን ማንም አልሰጣቸውም፤ እነርሱም አልጠየቁም።

እንዲያውም አፋቸውን ራሳቸው ዘጉ። የአሜሪካ ፋርማሲስቶች ማኅበር በ1952 ያወጣው የሥነ ምግባር ደንብ፣ ፋርማሲስት ስለ ታዘዘው መድኃኒት ይዘትም ሆነ ስለሚሰጠው ፈውስ ከበሽተኛው ጋር እንዳይነጋገር ይከለክል ነበር፤ ጥያቄ ካለው ወደ ሐኪሙ ይላከው ይላል። ብልቃጡ ላይ የመድኃኒቱን ስም መጻፍ እንኳ ነውር የሚመስልበት ዘመን ነበር። ደንቡ የተለወጠው በ1969 ነው። ከዚያ ሦስት ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ1966፣ በሳን ፍራንሲስኮ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ፋርማሲስቶች ከምድር ቤት ወጥተው ዘጠነኛ ፎቅ ላይ ባለው የቀዶ ሕክምና ክፍል ውስጥ ቀንና ሌሊት መሥራት ጀመሩ። ከሐኪሞቹ ጋር በሽተኞችን እየዞሩ አዩ። «የዘጠነኛው ፎቅ ፕሮጀክት» ይባላል፤ ክሊኒካል ፋርማሲ የሚባለው ዘርፍ ልደቱን ከዚያ ይቆጥራል።

ይህ ምን ፋይዳ አመጣ ለሚል በ1999 የታተመ አንድ ጥናት አለ። በቦስተን የማሳቹሴትስ ጄኔራል ሆስፒታል በአንድ የጽኑ ሕሙማን ክፍል ውስጥ ፋርማሲስት በየጠዋቱ የዙሪያ ጉብኝት ላይ ሲገኝ፣ ሊወገድ ይችል የነበረው ከመድኃኒት ትእዛዝ የሚመጣ ጉዳት በ66 በመቶ ቀነሰ። ከሰጣቸው 366 አስተያየቶች ውስጥ ሐኪሞቹ 362ቱን ተቀበሉ። እኔን የሚያስደንቀኝ ሁለተኛው ቁጥር ነው። ሐኪሞቹ እምቢተኞች አልነበሩም ማለት ነው፤ የጠፋው ሰውዬው በሰዓቱ እዚያ መገኘቱ ነበር።

የሕክምና መመሪያ ዛሬ በምናውቀው መልኩ የመጣው ከዚሁ ጊዜ ጋር ተጠጋግቶ ነው። አርቺ ኮክረን በ1972 ባሳተመው ትንሽ መጽሐፍ ሐኪሞች የሚሰጡት ሕክምና ስንቱ በማስረጃ ተደግፏል ብሎ ጠየቀ። በ1990ዎቹ መጀመሪያ በማስረጃ ላይ የተመሠረተ ሕክምና የሚለው ሐሳብ ስም አግኝቶ ተስፋፋ። ከዚያ መመሪያ በየማኅበሩ፣ በየአገሩ እንደ አሸን ፈላ። ብዛቱ ጥራቱን ስላሳሰበ መመሪያን የሚመዝን መለኪያ ተዘጋጀ፦ «አግሪ» ይባላል፤ ሁለተኛው እትሙ 23 መመዘኛዎች አሉት። አራተኛው መመዘኛ ጉዳዩ የሚመለከታቸው የሙያ ዘርፎች ሁሉ በአዘጋጅ ቡድኑ ውስጥ ተወክለዋል ወይ ብሎ ይጠይቃል። የአሜሪካ የሕክምና ኢንስቲትዩትም በ2011 ሊታመን የሚችል መመሪያ ከልዩ ልዩ ሙያ በተውጣጣ ቡድን መጻፍ አለበት አለ። በወረቀት ላይ ክርክሩ አለቀ። በ2014 የወጣውን የአሜሪካ የደም ግፊት መመሪያ ከጻፉት አንዱ ፋርማሲስት ነበር፤ በ2017 የግፊትን መለያ ወደ 130 በ80 ያወረደው መመሪያ ላይም የፋርማሲስቶቹ ማኅበር ከተባባሪዎቹ ተርታ ስሙ ሰፍሯል።

ለእኔ ግን ከሁሉ ይልቅ አስተማሪው የቫንኮማይሲን ጉዳይ ነው። ቫንኮማይሲን በ1950ዎቹ ከቦርንዮ ደን በተላከ አፈር ውስጥ ከተገኘ ተሕዋስ የተሠራ አንቲባዮቲክ ነው። የመጀመሪያው ምርት ቆሻሻ ስለበዛበት መልኩ ቡናማ ነበርና «የሚሲሲፒ ጭቃ» ይሉት ነበር። በ1958 ከተፈቀደ በኋላ ብዙም ሳይፈለግ ቆይቶ፣ ሌሎች መድኃኒቶችን የሚቋቋሙ ተሕዋሳት ሲበዙ የግድ ሆነ። ችግሩ መጠኑ ነው። ሲያንስ አይፈውስም፣ ሲበዛ ኩላሊት ይጎዳል፤ ልኩ ደግሞ እንደ በሽተኛው ክብደትና እንደ ኩላሊቱ አቅም ይለያያል። በብዙ የአሜሪካ ሆስፒታሎች ይህን ስሌት የሚሠራው ፋርማሲስቱ ስለሆነ፣ በ2009 የወጣውን አገር አቀፍ የአሰጣጥ መመሪያ ያዘጋጀውን ቡድን የመራው ማይክል ራይባክ የተባለ የዲትሮይት ፋርማሲስት ነበር። የሆስፒታል ፋርማሲስቶች ማኅበርና የተላላፊ በሽታ ሐኪሞች ማኅበር አብረው ፈረሙበት።

መመሪያው፣ ጽኑ ለታመመ ሰው ቀጣዩ ዶዝ ሊሰጥ ሲል በደሙ ውስጥ የሚቀረው መጠን በሊትር ከ15 እስከ 20 ሚሊግራም ይሁን አለ። በእርግጥ የሚፈለገው በ24 ሰዓት ውስጥ ሰውነት በድምሩ የሚያገኘው መጠን ነበር፤ ያን ማስላት ስለሚከብድ ነው ይህ ቁጥር በምትኩ የተወሰደው። ሆስፒታሎች ቁጥሩን ይዘው ነጎዱ። በቀጣዮቹ ዓመታት ግን ቁጥሩን እያሳደዱ ኩላሊት የሚጎዱ ሰዎች መብዛታቸውን ጥናቶች እየደጋገሙ አሳዩ። በ2020 ያው ራይባክ የመራው ቡድን ተመልሶ ተሰብስቦ የራሱን ቁጥር ሻረ፤ በምትኩ ያንን የቀኑን ድምር ከ400 እስከ 600 ባለው ውስጥ አስልታችሁ ጠብቁ አለ። ፋርማሲስት የመራው መመሪያም ይሳሳታል ማለት ነው። ልዩነቱ እርማቱ የመጣው በየቀኑ ስሌቱን ከሚሠሩት፣ ከየሆስፒታሉ መረጃ እያጠናቀሩ ከሚያሳትሙት ሰዎች ዘንድ መሆኑ ነው። በ1618 እንደሆነው በአታሚው ላይ የተላከከ ነገር የለም።

ወደ አገራችን ስንመጣ ነገሩ ተገልብጦ እናገኘዋለን። በዘመናዊ መንገድ ፋርማሲስት ማሠልጠን የተጀመረው የፋርማሲ ትምህርት ቤቱ በ1961 አዲስ አበባ ሲከፈት ነው፤ የሙያው ደንብ ቁጥር 288 ደግሞ በ1964 ወጣ። ፋርማሲስት፣ ድራጊስት፣ የፋርማሲ ቴክኒሽያን የሚሉት ደረጃዎች በሕግ ተለዩ። ከዚያ ለአርባ ዓመት ያህል ፋርማሲስቱ በዋናነት የመጋዘንና የመስኮት ሰው ነበር፦ ይቀበላል፣ ይመዘግባል፣ ያድላል፣ «የለም፣ ከውጭ ግዙ» ይላል።

የአገሪቱ አጠቃላይ የሕክምና መመሪያ፣ የሆስፒታል ሰዎች «ኤስ.ቲ.ጂ.» የሚሉት፣ በ2004 ሲወጣ ግን ያወጣው በ1999 የተቋቋመው የመድኃኒት አስተዳደርና ቁጥጥር ባለሥልጣን ነው። ሁለተኛው እትም በ2010፣ ሦስተኛው በ2014 ሲወጡ የተቋሙ ስም ተለወጠ እንጂ ቤቱ ያው የመድኃኒት ቤት ነበር። አራተኛው በ2021 ወደ ጤና ሚኒስቴር ተዛወረ። ለንደን ውስጥ ሐኪሞች ለቀማሚዎች መጽሐፍ ሲጽፉ፣ እኛ ዘንድ የመድኃኒት ባለሥልጣን ለሐኪሞች መጽሐፍ አሳተመ ማለት ነው። የዚህ ምክንያት ለገባው ሰው ግልጽ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ1977 የመጀመሪያውን የመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ካወጣ ወዲህ፣ በብዙ ድሃ አገሮች የሕክምና መመሪያ ከመድኃኒት ዝርዝር ጋር ተቆራኝቶ ነው ያደገው። ምን እንደምንገዛ ለመወሰን መጀመሪያ በምን እንደምናክም መወሰን ነበረብን።

ቤቱ የመድኃኒት ቤት መሆኑ ብቻውን ግን የፋርማሲስቱን ድምፅ አያረጋግጥም። በየሆስፒታሉ ያለውን የመድኃኒትና ሕክምና ኮሚቴ፣ «ዲ.ቲ.ሲ.» የሚባለውን፣ ማየት ይበቃል። ሰብሳቢው ሐኪም፣ ጸሐፊው ፋርማሲስት የሚሆንበት ልማድ በዓለም ዙሪያ የተለመደ ነው፤ የእኛም ሆስፒታሎች የወረሱት ይህንኑ ነው። ጸሐፊ ማለት አጀንዳ ይይዛል፣ ቃለ ጉባኤ ይጽፋል፣ የሚገባውና የሚወጣውን መድኃኒት ዝርዝር ያዘጋጃል። ሥራው ሁሉ የእርሱ ነው፤ ውሳኔው ግን የሌላ ሆኖ ይመዘገባል። በሥልጣን ረገድ ትንሽ ቦታ አይደለም፤ አጀንዳ የሚይዝ ሰው ብዙ ነገር ይወስናል። ነገር ግን ዝም ብሎ መወሰንና አስተያየቱን ከነምክንያቱ በስሙ ማስመዝገብ ለየቅል ናቸው።

የተለወጠ ነገር ደግሞ አለ። ጅማ ዩኒቨርሲቲ ቀዳሚ ሆኖ በክሊኒካል ፋርማሲ ማስተርስ ጀመረ፤ የፋርማሲ የመጀመሪያ ዲግሪም ራሱ ወደ አምስት ዓመት አድጎ ተማሪዎቹ በሕሙማን ክፍል እንዲሠለጥኑ ተደረገ። በ2020 የታተመ በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል የተካሄደ ጥናት የዚህን ትውልድ ሥራ ያሳያል። ክሊኒካል ፋርማሲስቶች በሕፃናትና በውስጥ ደዌ ክፍሎች የታዘዙ አንቲባዮቲኮችን እየገመገሙ ለሐኪሞቹ አስተያየት ይሰጡ ነበር። ክትትሉ ሲቋረጥ የአንቲባዮቲኩ አጠቃቀም ጨመረ፣ የሆስፒታል ቆይታው ረዘመ፣ የሚሞቱትም በዙ። ከታዘዘው አንቲባዮቲክ ግማሽ ያህሉ የማያስፈልግ ነበር። አዘጋጅ ኮሚቴ የጎደለውን ሊያይበት የሚችል ከዚህ የተሻለ መስታወት አላውቅም።

ፋርማሲስቱ ወደ ጠረጴዛው ይዞት የሚመጣው ነገር «የመድኃኒት እውቀት» በሚል ጥቅል ቃል ሲነገር ፍሬው ይጠፋል። ሁለት ጉዳይ ላንሣ። ወባን በአርቴሜተር ሉሜፋንትሪን፣ በተለምዶ ኮአርተም በሚባለው፣ ማከም በኢትዮጵያ የተጀመረው በ2004 ነው። ሉሜፋንትሪን በአንጀት በደንብ የሚመጠጠው ጥቂት ስብ ካገኘ ነው፤ ስለዚህ ከወተት ወይም ቅባት ካለው ምግብ ጋር ይወሰድ ይባላል። ረቡዕና ዓርብ፣ በሁዳዴም ሆነ በፍልሰታ፣ «ከወተት ጋር» የሚለው ምክር ለጾመኛ ባዶ ቃል ነው። በኑግ ወይም በሱፍ ዘይት የተሠራ የሽሮ ወጥ ግን ያንኑ ሥራ ይሠራል። መስኮቱ ላይ የሚቆመው ፋርማሲስት ይህን በቀን ስንት ጊዜ እንደሚመልስ ያውቃል። መመሪያ ጸሐፊ ኮሚቴ ውስጥ ካልተቀመጠ ግን ይህች አንዲት መስመር ከየት ትመጣለች?

ሁለተኛው ይከብዳል። ኤች.አይ.ቪ. ያለበት ሰው አሁን በአብዛኛው የሚወስደው ሦስት መድኃኒት በአንድ ክኒን የያዘውን፣ 50 ሚሊግራም ዶሉቴግራቪር ያለበትን ነው። ይኸው ሰው ሳንባ ነቀርሳ ሲይዘው ሪፋምፒሲን ይጀምራል፤ ሪፋምፒሲን ደግሞ ዶሉቴግራቪርን ከሰውነት በፍጥነት ያስወጣዋል። መፍትሔው በመመሪያ ላይ አንድ ዐረፍተ ነገር ነው፦ ዶሉቴግራቪር በቀን ሁለቴ ይሰጥ። ይህ ዐረፍተ ነገር ግን ወደ መጋዘን ሲወርድ ሌላ ነገር ይሆናል። ሁለተኛው ዶዝ ሦስቱን የያዘው ክኒን ሊሆን አይችልም፤ ለብቻው የተሠራ የዶሉቴግራቪር ክኒን መኖር አለበት። ስንት ሰው ሁለቱም በሽታ እንዳለበት መተመን፣ የነቀርሳው ሕክምና ካለቀ በኋላም ሁለት ሳምንት መጨመር፣ ለኢትዮጵያ መድኃኒት አቅራቢ አገልግሎት አስቀድሞ ማሳወቅ ያስፈልጋል። ይህን የሚያስብ ሰው ዐረፍተ ነገሩ ሲጸድቅ ከሌለ፣ መመሪያው ትክክል ሆኖ በሽተኛው ያለ ማታው ክኒን ይቀራል።

ፋርማሲስትን ማስገባት የማይዋጥላቸው ሐኪሞች የሚሉት ነገርም ንቀት ብቻ አይደለም። በሽተኛውን መርምሮ ኃላፊነቱን የሚሸከመው ሐኪሙ ነው፤ ቡድን በሰፋ ቁጥር ስብሰባው ይረዝማል። መድኃኒት ቤት ያለው ፋርማሲስት ደግሞ ዳግማዊ ፍሬድሪክ የፈራው ዓይነት ጥቅም አለው፤ አምራች ድርጅት ለሐኪም የሚያደርገውን ግብዣ ለእርሱም ያደርጋል። እነዚህን የማቃልል አይደለሁም። ለጥቅም ግጭቱ መልሱ ሁሉም አባል ያለበትን ግንኙነት በጽሑፍ ማሳወቁና በሚመለከተው ውሳኔ ድምፅ አለመስጠቱ ነው፤ ይህ ደግሞ ለሐኪሙም ለፋርማሲስቱም እኩል ይሠራል።

እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ የትኛው ፋርማሲስት ይጠራ የሚለው ነው። ኮሚቴ ሲዋቀር ቀድሞ የሚታሰበው የዩኒቨርሲቲ መምህሩ፣ የባለሥልጣኑ ባለሙያ፣ የአጋር ድርጅቱ አማካሪ ነው። ሁሉም ያስፈልጋሉ። ነገር ግን ለጤና ጣቢያ የሚጻፍ መመሪያ ላይ በጤና ጣቢያ መድኃኒት የምታድለው ድራጊስት ለምን አትቀመጥም? የሕፃኑ ሽሮፕ ሲያልቅ የአዋቂውን ክኒን ለስንት ከፍላ እንደምትሰጥ፣ እናትየው የሰባት ቀኑን መድኃኒት በሦስተኛው ቀን እንደምትተው፣ የትኛው ብልቃጥ ከተከፈተ በኋላ በሙቀት እንደሚበላሽ የምታውቀው እርሷ ናት። ከስብሰባው አበል ሌላ የሚያስፈልጋት በቃለ ጉባኤው ላይ «አልተስማማችም፣ ምክንያቷም ይህ ነው» ተብሎ የሚጻፍላት አንድ መስመር ነው።